ሲስተር፣ 40 ቀን ያልሞላው ነፍስ አለው ወይስ ደም ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሲስተር እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዬ ይረዝማል ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለማን እንደምናገር ስላጣሁ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ሦስታችንም ስራ ላይ ነን። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንደኛዋ የወር አበባዋ ቀረና ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝተን ስናየው ሁለት መስመር አወጣ። ላስረገዛት ልጅ ደወለችለት፣ "እሽ እደውልልሻለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው፣ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። ሦስት ቀን ስታለቅስ ከረመችና ወሰነች። ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ባለሙያዋ ለብቻዋ አስገብታ አናገረቻት፣ በአልትራሳውንድ አይታ 6 ሳምንት ነው አለቻት፣ መድኃኒቱን ሰጠቻት። ማታ ሆዷን ሲቆርጣት ወገቧን ያሸሁላትም ሻይ ያፈላሁላትም እኔ ነኝ።

አሁን እሷ ደህና ናት ስራዋን ትሰራለች፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛዋ ጓደኛችን በኋላ ሰማችና ቡና እየጠጣን "ሁለታችሁም ነፍስ አጥፍታችኋል" አለችን። ያችኛዋ ደግሞ "40 ቀን ያልሞላው ደም ነው" ብላ ተነስታ ወጣች። ብቸና ያለችውን አያቴን ዘወር አድርጌ ብጠይቃት "ልጅ ነፍስ የሚገባበት ሲላወስ ነው" አለችኝ። ሦስት ሰው ሦስት መልስ። ፍልሰታን ጾሜ ሳልቆርብ አለፈኝ፣ ለነፍስ አባቴ እንዳልናገር ሚስጥሩ የሷ ነው። ሰው የሚሆነው መቼ ነው? እኔስ ነፍሰ ገዳይ ነኝ? ስሜ ይቆይ።

መልስ

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ሁለተኛውን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ 22 ዓመት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ሳዋልድ ኖሬያለሁ፣ ቄስም መምህርም አይደለሁም። ያየሁትንና የማምነውን ግን አልደብቅሽም።

መጀመሪያ ይችን 40 ቀን እናጥራት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከየት እንደመጣች ሳያውቅ ነው የሚናገራት። በኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፣ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀኑ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ይሄ ግን ከተወለዱ፣ ከተፈጠሩ በኋላ ያለ ቆጠራ ነው እንጂ ሆድ ውስጥ ላለው አይደለም። ሌላኛዋ 40 የግሪኩ የአርስቶትል ናት፣ እሱ ወንዱ በ40 ቀን ሴቷ በ90 ቀን ገደማ መልክ ይይዛሉ ብሎ ነበር፣ እሷ ሐሳብ በስንት አገር ዞራ ዞራ የሰው አፍ ላይ ቀርታለች። ጓደኛሽ "ደም ነው" ያለችው ሁለቱ 40ዎች ተደባልቀውባት ይመስለኛል። ደግሞም ከየትኛው ቀን ጀምራ እንደምትቆጥር እንኳን አልጠየቃችኋትም። እኛ ጤና ጣቢያ 6 ሳምንት ስንል ካለፈው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረን ነው፣ ጽንሱ ራሱ ያን ጊዜ 4 ሳምንት፣ 28 ቀን ገደማ ነው።

28 ቀን ላይ ምን አለ? እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ከረጢት ታያለሽ፣ ከረጢቱ ግድግዳ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነገር ተለጥፋለች፣ ዓይንሽን ሰብስበሽ ስታዪ መሃሏ ላይ ብልጭ ብልጭ ብልጭ የሚል አለ፣ ልብ ለመሆን የተነሳው ነው። አንዳንዷ እናት ሳሳያት "ይሄ ነው?" ትልና ዝም ትላለች፣ አንዳንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስለዚህ "ደም ነው" የሚለው እውነት አይደለም። በሕይወት ያለ ነው፣ የራሱ አሰራር አለው፣ የናቱም ያባቱም ያልሆነ የራሱ። እንዲያ ሆኖ ያች ምስር ገና አታስብም አይሰማትም፣ ለህመም የሚያስፈልገው የአእምሮ መስመር ከ24 ሳምንት ገደማ በፊት አልተገናኘም ነው የሚሉት አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች። ይሄንንም ሦስተኛዋ ጓደኛሽ ማወቅ አለባት።

ያያትሽን መለኪያ አልንቀውም። "ሲላወስ" ማለቷ እናትየዋ ሲሰማት ነው፣ ለመጀመሪያ ልጅ 5ኛው ወር ላይ፣ የወለደች ከሆነች ትንሽ ቀደም ይላል። ግን በአልትራሳውንድ ከታየ ልጁ ከ8 ሳምንት ጀምሮ ይንቀሳቀሳል፣ እናቱ ናት ያላወቀችው። ያያትሽ መለኪያ የናትን ማወቅ ነው የሚነግረን፣ የልጁን መኖር አይነግረንም። ማወቅም ቀላል ነገር አይደለም፣ ሆዷን ይዛ "ተላወሰ" ያለች ሴት ፊቷ ሌላ ነው የሚሆነው፣ ከዛች ቀን በኋላ የምትናገረው ስለ ልጇ ነው።

የኛ አማርኛስ ምን ይላል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ነፍሰ ጡር እንላለን እኮ። ጾረ በግዕዝ ተሸከመ ነው፣ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። የቅኔ አገር ሰዎች ነንና ቃሉን እንደዋዛ አንለፈው፣ የሁለት ወሯንም የዘጠኝ ወሯንም ነው በዚህ ቃል የምንጠራት። ቤተ ክርስቲያንም የምታከብረው ልደትን ብቻ አይደለም። ነሐሴ 7 የእመቤታችን ጽንሰቷ ነው፣ ግንቦት 1 ልደታ። መጋቢት 29 የጌታ ጽንሰቱ ነው፣ ታኅሣሥ 29 ገና። በጽንሰት ቀን ማኅሌት የምትቆም ቤተ ክርስቲያን ያ ቀን ባዶ ነው አትልም። ስለዚህ መቼ ይጀምራል ላልሽው እኔ የማምነው ከመጀመሪያው ነው። ይሄን ደብቄ ላጽናናሽ አልፈልግም።

መንታ ይሄን ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ። ጽንሱ እስከ 14 ቀን ገደማ ድረስ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፣ ታዲያ አንድ ነፍስ እንዴት ለሁለት ትከፈላለች ይላሉ፣ እንግሊዞችም የዋርኖክ ኮሚቴ የሚባለው በ1984 እ.ኤ.አ. ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚጠና ጽንስ 14 ቀንን ወሰን ሲያደርግ አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር። ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ዘር ድንች ለሁለት ቆርጠሽ ብትተክይ ሁለቱም ይበቅላሉ፣ ከመቆረጡ በፊት ሕይወት አልነበረውም አያሰኝም።

አሁን ወደ ከባዱ። ሕይወት ከሆነ ማቋረጡ ሰው ከመግደል እኩል ነው ወይ? እዚህ ላይ ነው ሰዎች የሚጣሉት። ዶን ማርኲስ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1989 እ.ኤ.አ. የነፍሱን ጨዋታ ተውት፣ መግደል ክፉ የሆነው የወደፊት ኑሮን ስለሚነጥቅ ነው፣ ጽንሱም ደግሞ ያ ኑሮ ከፊቱ አለ ብሎ ጻፈ፣ እኔን በጣም የሚከብደኝ ክርክር ይሄ ነው። ከሱ በፊት በ1971 እ.ኤ.አ. ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን የምትባለዋ ደግሞ ሰው ነው እንበል፣ ሰው ቢሆንስ በሌላ ሰው አካል ያለ ፈቃዷ የመኖር መብት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። እንደምታይው ሁለቱም "መቼ ይጀምራል" የሚለውን ትተው ነው ክርክሩን የቀጠሉት።

የኛው አባት ቅዱስ ባስልዮስ ግን ከሁለቱም ቀድሞ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው የተናገረው። በዘጸአት 21 በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም መልክ የያዘና ያልያዘ ጽንስ ተለይቷል፣ ሁለት ሰው ሲጣላ እርጉዝ ቢመቱ መልክ ካልያዘ ካሳ፣ መልክ ከያዘ ነፍስ በነፍስ፣ ዕብራይስጡ ግን መልክ የሚባል ነገር አያነሳም። ባስልዮስ መልክ ያዘ አልያዘ የሚለውን አንለይም፣ አውቃ ያስወረደች በነፍስ ትጠየቃለች አለ። ጨክኗል ትያለሽ። ቀጥሎ ግን ንስሐዋ እስከ ሞት አይሁን፣ 10 ዓመት ይብቃ፣ ደግሞም ዋናው ቁጥሩ አይደለም የንስሐዋ ሁኔታ ነው አለ። ሰው ሆን ብሎ ለገደለ የሰጠው 20 ዓመት ነው። ሳያስብ ለገደለ 10። እኔ ይሄን መጀመሪያ ከአንድ የኔታ ስሰማ ቁጭ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ስሙን አልለወጠም፣ ክብደቱን ግን እኩል አላደረገውም። የኔም እምነት እዚህ ጋ ነው። የጠፋው ሕይወት ነው፣ ሀዘን ይገባዋል፣ ግን 6 ሳምንት ላይ የተደረገውና የተወለደ ልጅ አንገት መያዝ አንድ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

ኑሯችንም እኩል አድርጎ አያውቅም። በሁለት ወሯ ለወረደባት ሴት ድንኳን ተጥሎ አይቼ አላውቅም። ከታወቁት እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶው በራሱ ይወርዳል፣ ስንት ቤት ውስጥ እንደሆነ አስቢው። ይሄን ስል ግን አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፣ ስምንት ዓመት መካን ስትባል ኖራ አርግዛ በ9 ሳምንቷ የወረደባት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የምታለቅሰው፣ ልክ ልጅ እንደቀበረች። እግዜር ያጥናሽ ያላት አንድ ሰው አልነበረም። ድንኳን አለመጣላችን ልክ ስለሆነ ነው ወይስ የኛ ጉድለት ነው? ለሷ ሳስብ ጉድለት ነው እላለሁ።

አንችን ግን ነፍሰ ገዳይ ልልሽ አልችልም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ክረምት ነበር፣ ሌሊት፣ ቃሬዛ ተሸክመው አራት ወንዶች መጡ፣ ከሩቅ ቀበሌ ነው፣ ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጅ 17 ቢሆናት ነው። በአንድ እግሯ ኮንጎ ጫማ አለ፣ ሌላኛው መንገድ ላይ ወድቋል። ጋቢውን ስንገልጠው ሽታው ነገረን፣ ሦስት ቀን ሆኗታል፣ አንድ ሰው ሊያስወርድላት ብሎ ስር አስገብቶባት ነበር። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ብር ቋጥራለች፣ ለሰውየው ከከፈለችው የተረፋት መሆኑ ነው። እናትየዋ ደጅ ቆመው "ምን ነክቷት ነው ልጄን? ወባ ነው?" ይሉኛል። ሊነጋ ሲል አረፈች። ማን ጋ እንደሄደች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፣ ምክንያቱም አብሯት የሄደ ሰው አልነበረም። አንች አብረሻት ሄደሻል። ባለሙያ ጋ ነው የወሰድሻት፣ ሌሊቱን አብረሻት ነቅተሻል። ውሳኔው የሷ ነበር፣ አንች ጓደኛ ነው የሆንሽላት። ባትሄጅ ኖሮ ጽንሱ አይተርፍም ነበር፣ እሷ ግን ላትተርፍ ትችል ነበር።

ኃጢአት የለብሽም ብሎ መፍታት የኔ ስልጣን አይደለም። ነፍስ አባትሽ ጋ ሂጅ፣ የሷን ስም ሳትጠሪ የራስሽን ድርሻ ብቻ ተናገሪ፣ ይቻላል። ቀኖናውን እሳቸው ያውቃሉ። ጓደኛሽንም "ደህና ናት" ብለሽ አትለፊያት፣ ተነስታ የወጣችው ደህና ስለሆነች አይመስለኝም፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ ጠይቂያት። አንድ ነገር ደግሞ ልቤን አቃጥሎታል፣ ቡና ላይ ሦስት ሴቶች ገደልሽ አልገደልኩም ስትባባሉ ስልኩን የዘጋውን ልጅ ማንም አላነሳውም። እሱም የሚጠየቅበት ነፍስ ነበረ እኮ።

ጥያቄ፣ ከሞጣ

ሲስተር፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። በኛ ሩህ፣ ማለት ነፍስ፣ የሚነፋው በ120 ቀን ነው ይባላል፣ ከዛ በፊት ማስወረድ ችግር የለውም ማለት ነው?

መልስ

እህቴ፣ እንዲህ በአንድ ቃል "ችግር የለውም" የሚል ዓሊም አላጋጠመኝም። ቡኻሪና ሙስሊም የሚባሉት ሐዲስ ሰብሳቢዎች ከኢብን መስዑድ የዘገቡት ሐዲስ 40 ቀን፣ እንደገና 40፣ እንደገና 40 ይቆጥርና መልአኩ ሩህ ይነፋበታል ይላል። እሱም 120 ቀን ነው፣ በሐኪም ቆጠራ 19 ሳምንት ገደማ ይሆናል፣ የሚገርመው የብቸናዋ አያት "ሲላወስ" ያሉት ጋ ነው የሚገጥመው። ከዚያ በፊት ላለው ግን መዝሀቦቹ፣ የእስልምና የሕግ መንገዶቹ፣ ይለያያሉ፣ ከሐነፊዮች ብዙዎቹ በቂ ምክንያት ካለ ይፈቅዳሉ፣ ማሊኪዮች ግን አብዛኞቹ ማህፀን ውስጥ ከረጋ ጀምሮ ይከለክላሉ። ከ120 ቀን በኋላ የናት ሕይወት ካላሰጋ በቀር አይነካም። ኢማም ጋዛሊ ጽንስ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጥፋቱም ይከብዳል ያሉት ለደብረ ማርቆሷ ልጅ ከጻፍኩት ጋር ይቀራረባል። ላንች ጉዳይ ግን የምታምኛቸውን ዓሊም ከነምክንያትሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱ ነው ብይኑን የሚለውጠው።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም

እኔ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ማስወረድን ህጉ ፈቅዷል" ይሉኛል። መንግስት ፈቀደ ማለት ሕይወት የለውም ብሎ አመነ ማለት ነው?

መልስ

መምህር፣ ህጉ እንደዛ አላለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በስራ ላይ ያለው የወንጀል ህግ ማስወረድን አሁንም በመርህ ወንጀል ነው ይላል፣ አንቀጽ 551 ላይ ግን የማያስቀጣባቸውን ይዘረዝራል፣ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ እርግዝና፣ የናትን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የናትን ጤና የሚያሰጋ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ያለው፣ ወይም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በለጋ እድሜዋ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ከሆነ። የ1949ኙ ህግ ከባድ አደጋ ካላጋጠመ በቀር አይፈቅድም ነበር። ተደፍሬ ነው ላለች ቃሏ በቂ ማስረጃ ነው፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሂጅ አትባልም፣ ይሄ አንቀጽ 552 ላይ ነው፣ ልጃገረዶቹ ቢያውቁት ደስ ይለኛል ምክንያቱም አባቷ ቤት ተደብቃ 5 ወር የምትሆነው ይሄን ስላላወቀች ነው። መቼ ሕይወት ይጀምራል የሚለውን ግን ህጉ አልነካውም። ያየው ቃሬዛ ላይ የሚመጡትን ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ አካባቢ

ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ ተመድቤ የመጣሁ ሚድዋይፍ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ህሊናዬ የማስወረዱን ስራ አይፈቅድም። ግን ሴቶቹ ይመጣሉ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ህሊናሽ አይፈቅድም ካለ በእጅሽ አትስሪ፣ እንዲህ ብለሽ ለኃላፊሽ በግልጽ ንገሪ፣ ማንም ሊስቅብሽ አይገባም። የመጣችውን ግን በዛው ቀን ለሚሰራው ባልደረባሽ አስተላልፊያት፣ እሱ ከሌለ የት እንደምትሄድ ጽፈሽ ስጫት። ፊትሽን አታጨማድጅባት፣ አትገስጫት፣ ስንቱን ተራምዳ ነው እዛች ወንበር ላይ የተቀመጠችው። ደም እየፈሰሳት የመጣች ከሆነች ደግሞ የህሊና ጥያቄ የለም፣ ማንም ጀመረው ማንም ታክሚያታለሽ። በተከታታይ ሁለት ሰዓት በየሰዓቱ ሁለት ሁለት ሞዴስ የምታርስ፣ ትኩሳት ያላት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ሴት አንድ ደቂቃ አትጠብቅም።

ልቀጥል የምፈልገው ነገር አለ። አዲስ ሳለሁ አብራኝ የምትሰራ አንዲት ባለሙያ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ የመጣችውን ሁሉ "ሂጅና በደንብ አስቢበት፣ ከወር በኋላ ነይ" ትል ነበር፣ ሕይወት ያዳነች መስሏት። ከነዚያ አንዷ 7 ሳምንቷ ላይ ነበር የመጣችው። ሐሳቧን አልለወጠችም። ከስራ አስፈቅዳ፣ የመኪና ለምና ስትመለስ 14 ሳምንት ሆኗት ነበር፣ የአልትራሳውንዱን ስክሪን እኔ ነኝ ያዞርኩባት፣ እንዳታይ፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ እጅ ነበረው፣ ወደ ፊቱ እየወሰደ ይመልሰው ነበር።